የቱቦው ጫፍ ምን ይላል?

የሳምንቱ ድካም ሳይወጣላችሁ የእሑድ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለ ቧንቧ ልትሰሙ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ ለንደን ውስጥ በቧንቧ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ በየቤታችን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከመታጠቢያው ጀርባ፣ ከወለሉ በታች ስላለችው፣ በእጅ ተገፍታ ስለምትገጠመው የፕላስቲክ መገጣጠሚያ። ሠራተኛው ፑሽፊት ይላታል። ማፍሰስ ስትጀምር ምን እናድርግ?

በእጄ የያዝኳትን ተመልከቱ። ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ናት፤ ውፍረቷ 15 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ ስንዝር አይሞላም። ከፊት ወንበር ልጀምርና እየተቀባበላችሁ እዩዋት። በተለይ ጫፏን በጣታችሁ ዳሰስ አድርጓት። ምን እንደምትል በኋላ አብረን እናነባለን።

ይህችን ቁራጭ ያወጣኋት ከአንዲት እናታችን ወጥ ቤት ነው። ስልክ ሲደውሉልኝ «ልጄ፣ ባልዲ ስደፋ ነው የምውለው፤ ሌሊትም እየተነሣሁ አየዋለሁ» አሉኝ። ሄድኩ። ከማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ስከፍት የሻጋታው ሽታ ፊቴን መታኝ። የሣጥኑ ወለል ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት እንደ እርጥብ ዳቦ ይሰረጉዳል። ባልዲው በቦታው አለ። መገጣጠሚያው ግን አይታይም። መጀመሪያ የመጣው ሰው ፕላስተር ጠምጥሞበታል። ሁለተኛው ከላዩ ሲሊኮን ለድፎበታል። ሦስተኛው በላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ በሽቦ አስሮታል። እያንዳንዱ በሄደ በሁለት በሦስት ቀኑ ጠብታው ተመልሶ መጥቷል። «እማማ፣ ይህንን ሁሉ ልፈታው ነው» ስላቸው ደነገጡ። «የባሰ ቢፈስስ?» አሉ።

በመደንገጣቸው እውነት አላቸው። ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ የሚያፈስ ነገር ሲገጥመን እጃችን የሚሄደው ወደ መሸፈን ነው። እኔ ግን በነዚህ ዓመታት ካየሁት ተነሥቼ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ፑሽፊት ሲያፈስ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በመገጣጠሚያው ሳይሆን ወደ ውስጡ በገባው ቱቦ ጫፍ ላይ ነው። ከውጭ የሚጠመጠምም ሆነ የሚለደፍ ነገር እዚያ አይደርስም። ውሃውን ዘግቶ፣ ቱቦውን አውጥቶ፣ ጫፉን ማየት ያስፈልጋል።

«ጠብታ ናት፣ ምን ታመጣለች» የሚል ካለ አንድ ሂሳብ ልሥራ። በሰከንድ አንድ ጊዜ ጠብ የምትል መገጣጠሚያ በቀን 86,400 ጊዜ ጠብ ትላለች። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ይሞላል ብለን በትንሹ ብናስብ እንኳን በቀን 4 ሊትር ከ300 ገደማ ይሆናል፤ በሳምንት 30 ሊትር። ከወለል በታች ከሆነ ያንን ሁሉ የሚጠጣው የቤታችሁ እንጨት ነው፤ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የጎረቤታችሁ ጣሪያ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ይህ በመጋዝ ለሁለት የሰነጠቅሁት መገጣጠሚያ ነው። አፉ ላይ ያለችው አንገትጌ ኮሌት ትባላለች። ከእሷ ጋር ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ቀጫጭን ጥርሶች አሉ። ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ስለሆኑ ቱቦው ሲገባ ያሳልፉታል፤ ልውጣ ሲል ይነክሱታል። ከጥርሶቹ ወዲያ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት ተቀምጣለች፤ ኦሪንግ የምንላት። ከእሷም ወዲያ ቱቦው ሄዶ የሚያርፍባት እርከን አለች።

ብዙ ሰው ጥርሱና ላስቲኩ አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስለዋል። ሥራቸው ለየብቻ ነው። ጥርሱ ይይዛል እንጂ ውሃ አይከለክልም። ላስቲኩ ውሃ ይከለክላል እንጂ አይይዝም። ጥርሶቹ ከአፉ አጠገብ ስለሆኑ ቱቦው ገና ግማሽ መንገድ ሳለ ይነክሱታል። ሳብ ስታደርጉት እንቢ ይላል፤ እናንተም «ገብቷል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ላስቲኩ ጋ ግን በቅጡ አልደረሰም። እንዲህ ያለ ቱቦ ለሳምንት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ብሎ ይቀመጥና፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ማንም ውሃ በማይከፍትበት፣ የመንገዱ ግፊት ከፍ በሚልበት ሌሊት ይለቃል።

ስለዚህች ጥቁር ቀለበት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ኒልስ ክሪስተንሰን የሚባል ዴንማርካዊ በ1891 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ዓመቱን የምናገረው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው። ዕድሜውን በፍሬን ሥራ ሲደክም ኖሮ፣ ለኦሪንግ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1939፣ በ74 ዓመቱ ነው። እኛም ስደተኞች ስለሆንን ይህ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። የሰውዬው ብልሃት ቀለበቷን በጣም አጥብቆ ማስቀመጡ አይደለም፤ ጥቂት የምትንቀሳቀስበት ቦይ ሰጥቷታል። የውሃው ግፊት ራሱ ወደ ጥጉ ገፍቶ ያጣብቃታል። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር እሷም ይበልጥ ትዘጋለች። በዚህ ምክንያት ነው አንዳንድ መገጣጠሚያ ግፊቱ ከፍ ሲል ደርቆ፣ ሲቀንስ የሚያለቅሰው። ፕላስቲክ ቧንቧ ሥራ ስንጨርስ በ2 ባር ግፊት 10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ10 ባር 10 ደቂቃ የምንፈትነውም ስለዚህ ነው። በከፍተኛው ብቻ የፈተነ ሰው ግማሹን ነው የፈተነው።

ይህቺ ቀለበት ሥራዋን የምትሠራው ግን የምትነካው ነገር ክብና ለስላሳ ከሆነ ብቻ ነው። ቁራጯ የት ደረሰች? መካከለኛው ረድፍ? መልካም። እንግዲህ ጫፏን እናንብብ።

አቆራረጧን እዩ። አንዱ ጎን ከሌላው ረዝሟል፤ እንደ ጦር ጫፍ አግድም ሄዷል። የቆረጣት ሰው መጋዝ ወይም የወጥ ቤት ቢላዋ ተጠቅሟል። ረጅሙ ጎን እርከኑን ነክቶ ሲቆም አጭሩ ጎን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቶታል። መጋዙ የተወው ሸካራ ጠርዝም ሲገባ ላስቲኳን ሊፈቅ ይችላል። የፕላስቲክ ቱቦ መቁረጫ እንደ አትክልት መቀስ ያለ፣ በእጅ ተጨብጦ የሚቆርጥ ነው። ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ሌላ መሣሪያ ባትገዙ እንኳን እሱን ግዙ።

ቀጥሎ ጥፍራችሁን በዙሪያዋ አስኪዱት። ከጫፏ የምትነሣ፣ ወደ ላይ የምትሄድ ጭረት ትዳስሳላችሁ፤ ቀጭን ናት፣ ፀጉር ብታክል ነው። እማማ ባልዲ ሲደፉ የከረሙት በዚህች ጭረት ነው። ዙሪያውን የተጫረ ጭረት ብዙም አያስፈራም፤ ላስቲኳ ከላዩ ታርፍበታለች። ወደ ርዝመቱ የሄደ ጭረት ግን ከላስቲኳ ሥር የሚያልፍ መተላለፊያ ነው። ውሃ ከዚያ የበለጠ በር አይፈልግም።

ውስጧንስ? ባዶ ነው። እዚህ ውስጥ ኢንሰርት የምትባል አጭር እጅጌ መግባት ነበረባት፤ ከፕላስቲክ ወይም ከማይዝግ ብረት የምትሠራ። ሥራዋ የቱቦው አፍ ክብ እንደሆነ እንዲቆይ ማድረግ ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ሙቅ ውሃ ሲያልፍበት ይለዝባል፤ ጎኑን የሚጫነው ነገር ካለ እንደ እንቁላል ይሞላልላል። ክብነቱ ሲጠፋ ላስቲኳ በአንድ በኩል ትጨነቃለች፣ በሌላ በኩል ትላላለች። ኢንሰርት የሌለው ቱቦ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ረጅም ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፤ ሙቁ ላይ ግን ቀኑን ነው የሚጠብቀው። በሳንቲም የምትገዛ ዕቃ ናት። የምትረሳው ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል።

አራተኛው ነገር ቁራጯ ላይ የለም፤ መኖር ነበረበት። ቱቦውን ከማስገባቴ በፊት መገጣጠሚያውን ከጎኑ አስተካክዬ ከአፉ እስከ እርከኑ እለካና በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ለ15 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብዙውን ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ከገፋሁት በኋላ ምልክቱ አፉ ላይ ካልደረሰ ቱቦው ቦታው አልደረሰም ማለት ነው። ስትገፉት ሁለት ጊዜ ይሰማችኋል፤ መጀመሪያ ላስቲኳን ሲያገኝ ጠንከር ይላል፣ ከዚያ አልፎ እርከኑን ሲመታ ይቆማል። ያላወቀ ሰው የመጀመሪያዋን ማጥበቂያ መጨረሻ አድርጎ ይወስዳታል።

ከአገር ቤት ሙያውን ይዛችሁ የመጣችሁ ወንድሞች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። እኛ በጋልቫናይዝድ ቱቦ ነው ያደግነው። ጥርስ ይወጣለታል፣ ቃጫና ቀለም ወይም ቴፍሎን ይጠመጠምበታል፣ በመፍቻ እስኪበቃው ይጠብቃል። በኋላ የመጣው ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ በጋለ ብረት ቀልጦ አንድ አካል ይሆናል። ሁለቱም እጅ የሚያውቃቸው ሥራዎች ናቸው፤ ጉልበትና ሙቀት መፍትሔ ነው። ፑሽፊት ላይ ግን ያ ልማድ ጠላት ይሆናል። ቴፍሎን ቱቦው ላይ ጠምጥማችሁ ብታስገቡ ላስቲኳ የምታርፍበትን ለስላሳ ገጽ ታበላሻላችሁ። ይበልጥ ልጠብቅ ብላችሁ የምትጨምሩት ጉልበትም የለም። እጃችሁ ችሎታውን የሚያሳየው ከመግባቱ በፊት ነው፤ በአቆራረጡ፣ በማጽዳቱ፣ በመለካቱ።

ሌላም አንድ ልማድ አለ፤ በቀላሉ ይግባ ብሎ ቫዝሊን ወይም ዘይት መቀባት። እባካችሁ ተዉ። ለቧንቧ የሚሠራው ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ኢፒዲኤም የሚባለው ዓይነት ነው። ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ሲነካው ያብጥና ይለሰልሳል። ግድ ማለስለሻ ካስፈለገ ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ ተብሎ የተሠራው የሲሊኮን ቅባት አለ። ቀለም ሲቀባም መገጣጠሚያው ላይ እንዳይደርስ ከልሉት፤ ማቅጠኛው ፕላስቲኩን ይጎዳዋል።

መዳብ ቱቦ ላይም ፑሽፊት ይገባል፤ ጠርዙ በደንብ ከተስተካከለ። የሚያብለጨልጨው የክሮም ልባጥ ያለው ግን ለጥርሶቹ ይንሸራተትባቸዋል፤ ቦይ ሳይቆረጥለት ካስገባችሁት ቀስ እያለ ይወጣል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለውበት ተብሎ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው። ያልታሰረ ቱቦም እንዲሁ ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ከመዳብ በላይ ይለጠጣል። ማሰሪያ ከሌለው ይወዛወዛል፤ መገጣጠሚያውን ወደ ጎን ይስበዋል። አግድም ለሚሄድ የ15 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። አይጥ የበላው ቱቦም አውጥቻለሁ፤ ያ ግን የጥርሱ ምልክት በግልጽ ስለሚታይ ምክንያት ፍለጋ አያደክምም።

የሚያፈሰውን ቦታ ማግኘትስ? ውሃ የሚንጠባጠበው ሁልጊዜ ካፈሰሰበት ቦታ ላይ አይደለም፤ ቱቦውን ተከትሎ ሄዶ ዝቅ ያለበት ይወርዳል። መጀመሪያ ሁሉን በጨርቅ አድርቁ። ከዚያ በየመገጣጠሚያው ላይ አንድ አንድ ደረቅ ሶፍት ጠቅልሉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከሁሉ በፊት የራሰችው ቦታውን ትነግራችኋለች። ሶፍቶቹ ሁሉ እኩል ረጥበው ቱቦው በሙሉ እርጥብ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ውሃም የሚሄድበት ከሆነ፣ የወጥ ቤቱ እንፋሎት ቱቦው ላይ አልቦት ሊሆን ይችላል፤ ያ ማፍሰስ አይደለም። እማማንም አንደኛው ሰው «ላብ ነው» ብሏቸው ነበር። ሶፍት አንዲት እንኳን ቢጠቀም ኖሮ እንዲያ አይላቸውም ነበር።

ማሞቂያው ላይ ከሆነ ጠብታው ላይታይም ይችላል፤ ሙቁ ቱቦ ያደርቀዋል። እዚያ ዓይናችሁን ቦይለሩ ላይ ባለው የግፊት መለኪያ ላይ አድርጉ። ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር የሚቆም መርፌ በየሳምንቱ እየወረደ እናንተም ውሃ እየጨመራችሁለት ከሆነ፣ ያ ውሃ አንድ ቦታ እየሄደ ነው። ቦይለሩን ራሱን ግን አትክፈቱ። ጋዝ የሚነካ ሥራ ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ ላይ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ከቦይለሩ የሚወጣው የመጀመሪያው ሜትርም ብዙውን ጊዜ መዳብ እንጂ ፕላስቲክ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከሚችለው በላይ ሊሆን ይችላልና።

ለመፍታት ስትነሡ መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፤ እዚህ ስቶፕኮክ የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው። ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘጋል። ከቤቱ ዝቅ ያለውን ቧንቧ ክፈቱና ቱቦ ውስጥ የቀረው ይፍሰስ። ውሃው መብራት አጠገብ ደርሶ ከሆነ የዚያን መሥመር ኤሌክትሪክ ከፊውዝ ሳጥኑ አጥፉ። ከዚያ ቱቦውን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት፤ ጥርሶቹ እንዲላሉ ነው። ኮሌቷን በዙሪያዋ እኩል ወደ መገጣጠሚያው ተጫኗትና ቱቦውን ሳቡ። ስፒድፊት የሚባለው ዓይነት ሆኖ የሚዞር ቆብ ካለው ቆቡን አስቀድማችሁ ፍቱ። ሄፕቱኦ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የራሱ መፍቻ አለው፤ ያለ እሱ በጉልበት አትታገሉት። የተጫረውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ቱቦው ካጠረ አዲስ ቁራጭ በማያያዣ ቀጥሉበት። ጥፍራችሁን ላስቲኳ ላይ አስኪዱ፤ የተቆረጠች ወይም የተገለበጠች ከሆነች መገጣጠሚያውን ለውጡት።

ተከራይ የሆናችሁ ግን ይህንን ሁሉ እናንተ አትሥሩ። እንግሊዝ ውስጥ በ1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 የውሃ መሥመሩን በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአከራዩ ላይ ነው። ውሃውን ዝጉ፣ ፎቶ አንሡ፣ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ቀኑን መዝግቡ። እናታችንም ተከራይ ናቸው። ሦስቱም ሰዎች የመጡት በአከራዩ ተልከው ነው፤ አንዳቸውም ግን ቱቦውን አላወጡትም። ስለዚህ ስትጽፉ «ያፈስሳል» ብቻ አትበሉ። «ተሸፍኖ ነበር፣ አልተፈታም» ብላችሁ ጻፉ። በአማርኛ የምታስቡትን በእንግሊዝኛ መጻፍ ካስቸገራችሁ እኔም ሆንኩ ሌሎች የሙያው ወንድሞች እናግዛችኋለን፤ በዚህ አትፈሩ።

የእማማን መገጣጠሚያ ስፈታ 20 ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፕላስተሩንና ሲሊኮኑን መላጡ ነው ብዙውን ሰዓት የወሰደው። አዲስ ጫፍ ቆረጥኩ፣ ኢንሰርት አስገባሁ፣ ምልክት አደረግሁ፣ ገፋሁ። ከዚያ ሶፍት ጠቀለልኩና ቡና እስኪፈላ ጠበቅን። እማማ እየተመላለሱ ሶፍቱን ያዩት ነበር። ሦስተኛው ስኒ ሲደርስ ራሳቸው አውልቀው ጉንጫቸው ላይ አስነኩት። ደረቅ ነበር።

አሁን ከእኔ ወሬ ወደ ጠረጴዛው ብንዞር ይሻላል። የተቆራረጠ ቱቦ፣ መቁረጫ፣ እርሳስ፣ ኢንሰርትና መገጣጠሚያዎች አዘጋጅቻለሁ። የእጅ ፓምፕም አለ፣ ከነግፊት መለኪያው። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑ፤ አንዱ ይቁረጥ፣ አንዱ ይለካ። የገጠማችሁትን ከፓምፑ ጋር እናያይዘውና መጀመሪያ በ2 ባር 10 ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ሶፍቱ እዚህ አለ።